ዮዲት ጉዲት በልጁ ክፍል ውስጥ
ጎረምሳው ስለ ጌም ምን ይላል? ወላጅስ ምን ይመልስለታል?

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቦታው ጋርላንድ። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ እንግዶች ሳሎኑን ሞልተውታል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። የአገር ቤት ፖለቲካ እንደ ወትሮው ተነሥቶ አንዱ ሲጥል ሌላው ሲያነሣ ይሰማል። ከኮሪደሩ ጫፍ ካለው ክፍል ደግሞ የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ብቻውን ሲጮህ ይሰማል። ብቻውን መስሎ ነው እንጂ ጆሮው ላይ በደፋው ማዳመጫ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር እየተነጋገረ ነው። አንዱ ሪቻርድሰን ነው ያለው፤ ሌላው አትላንታ፤ ሦስተኛው የት እንዳለ ልጁም አያውቅ።

«ይሄ ጌም የሚሉት ነገር ልጄን ወሰደብኝ» ትላለች እናት ስኒ እየሰበሰበች። «ሄደሽ ንቀይበታ!» ይላል አባት። ከሁለቱ የሚነሣ ግን የለም።

የዚህ ልጅ ስም አይነገርም፤ አንድ ልጅም አይደለምና። በጋርላንድ፣ በሪቻርድሰን፣ በፕላኖ፣ በአርሊንግተንና በፎርት ዎርዝ በብዙ የኢትዮጵያውያን ቤት የሚገኝ ጎረምሳ ምሳሌ ነው። የሚናገረውም በየቤቱ የሚባለው ነው። ችግሩ እሱ የሚናገረው ከክፍሉ ሆኖ፣ ወላጆቹ የሚናገሩት ከሳሎን ሆነው መሆኑ ነው። በመካከል ያለው ኮሪደር አሥር እርምጃ ቢሆን ነው፤ የሚሻገረው ግን ጥቂት ነው።

በጎረቤት የተሠራ

ብዙ ወላጅ ቪዲዮ ጌምን ከጃፓን ወይም ከካሊፎርኒያ ተጭኖ እንደ መጣ መዓት ያየዋል። የጃፓን ድርሻ ትልቅ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ዓለምን ካጥለቀለቁት ጨዋታዎች አንዳንዶቹ የተሠሩት ወላጆች ለሥራ በሚመላለሱባቸው አውራ ጎዳናዎች ዳር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«አይድ ሶፍትዌር» የተባለው ድርጅት በ1991 በሉዊዚያና ተቋቁሞ በ1992 ወደ ሜስኪት መጣ። በዲሴምበር 1993 «ዱም» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። የመጀመሪያውን ክፍል ማንም ሰው በነጻ እንዲያባዛው ፈቀደ፤ ቀሪውን ግን በገንዘብ ሸጠ። «ቀምሰህ ግዛ» እንደ ማለት ነው። ተጫዋቹ በጀግናው ዓይን እያየ የሚተኩስበት የጨዋታ ዓይነት በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። በጋርላንድ ደግሞ «አፖጊ» የተባለው፣ በኋላ «ስሪዲ ሪልምስ» የሚለውን ስም የያዘው ድርጅት ነበር፤ በ1996 ስሙን ያስጠራለትን «ዱክ ኑከም ስሪዲ» አወጣ። በዚያው ዓመት የጌም አፍቃሪዎች ኮምፒውተራቸውን ተሸክመው የተሰበሰቡበት የመጀመሪያው «ኩዌክኮን» የተካሄደውም እዚያው ጋርላንድ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት የገዙባት፣ ሠርግ የደገሱባትና ልጅ ክርስትና ያስነሡባት ጋርላንድ ማለት ነው።

ዝርዝሩ በዚህ አያበቃም። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» የተባለው የነገሥታት ጨዋታ በ1997 የወጣው ዳላስ ከነበረው «ኤንሴምብል ስቱዲዮስ» ነው። «ቦርደርላንድስ»ን የሠራው «ጊርቦክስ» መቀመጫው ፍሪስኮ ነው። የጌም መደብሮችን በየገበያ ማዕከሉ የከፈተው «ጌምስቶፕ» ዋና መሥሪያ ቤቱ ግሬፕቫይን ነው። በ1990ዎቹ እዚህ አገር የተወለዱ ልጆች አፋቸውን የፈቱበት ባርኒ የተባለው ሐምራዊው ዳይኖሰር እንኳ የዳላስ አካባቢ ፍጥረት ነው፤ በ1992 በሕዝብ ቴሌቪዥን ከመታየቱ በፊት በቪዲዮ ካሴት ይሸጥ ነበር። ባርኒን በደስታ የከፈቱ ወላጆች የጌሙን በር ሲዘጉ ሁለቱም ከአንድ ቀዬ መውጣታቸውን አላስተዋሉም።

«የት ልሂድ?»

ልጁ «ጊዜህን ለምን ታባክናለህ?» ሲባል የሚሰጠው መልስ መጀመሪያ ሲሰሙት ያናድዳል፤ ቆይተው ሲያስቡት ያሳዝናል። «የት ልሂድ?» ነው የሚለው።

አባቱ በእሱ ዕድሜ ከግቢ ወጥቶ ሃያ እርምጃ ሳይራመድ የኳስ ቡድን ይሞላለት ነበር። ብይ አለ፣ ቆርኪ አለ፣ ጆተኒ አለ። ከፍ ሲል ደግሞ ፑል ቤት አለ፤ ሳንቲም ሲገኝም ሲኒማ ራስ ወይም ሲኒማ ኢትዮጵያ ገብቶ የህንድ ፊልምና የካራቴ ፊልም ማየት አለ። ጸጉሩን አፍሮ አበጥሮ፣ ቤል ቦተም ሱሪ ለብሶ ሲወጣም «ይሄ ልጅ ፈረንጅ ሊሆን ነው!» ያሉት አያት ነበሩ። የሠፈር ልጅ ሰውን ሰው የሚያደርገው በጨዋታ ነው፤ መሸነፍን፣ መታረቅን፣ ተራ መጠበቅን የተማረው እዚያ ነው።

ዳላስና አካባቢው ግን የመኪና አገር ነው። መንጃ ፈቃድ የሌለው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጓደኛው ዘንድ ለመድረስ አውራ ጎዳና መሻገር አለበት፤ በበጋ ደግሞ ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጠዋል። አባት የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ይተኛል፣ እናት ሁለተኛ ሥራዋ ላይ ናት፤ ማን ያድርሰው? ስለዚህ ሠፈሩን ስክሪን ላይ ሠራው። እዚያ ጓደኛ ያገኛል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ስም ያወጣል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2024 ባወጣው ዘገባ ከአሜሪካ አፍላ ወጣቶች 85 በመቶው ቪዲዮ ጌም እንደሚጫወቱ ገልጿል፤ ከወንዶቹ 97 በመቶ፣ ከሴቶቹ 73 በመቶ ማለት ነው። እንግዲህ በክፍል ውስጥ ጌም የማያውቅ ልጅ ቢኖር በሠፈር ውስጥ ኳስ የማያውቅ ልጅ እንደ ማለት ነው።

የልጁ ሁለተኛ መልስ ደግሞ ወደ ሳሎኑ የሚወረወር ነው። «እናንተስ? ዩቲዩብ ላይ አራት ሰዓት ፖለቲካ ስታዩ ማን ይቆጣችኋል?» ይላል። ይህ ንግግር ድፍረት ተብሎ ሊገሠጽ ይችላል። ሐሰት ነው ለማለት ግን ሳሎን ውስጥ ካሉት እንግዶች ደፍሮ የሚነሣ አይገኝም።

ሦስተኛው አስተያየቱ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፤ ለወላጅ የሚጠቅመው ግን እሱ ነው። ልጁ ሁሉንም ጌም አይወድም። እንደ ጠጅ አዋቂ ያማርጣል። በችሎታ የሚያሸንፉበትን ያከብራል፤ ገንዘብ የከፈለ ሁሉ የሚያሸንፍበትን ይንቃል። ታሪኩ የረባውን ካልረባው፣ ሙዚቃው የተደከመበትን ካልተደከመበት ይለያል። «ይሄኛው ገንዘብ ለመብላት የተሠራ ነው» ብሎ ራሱ የሚፈርድበት ጨዋታ አለ። ይህን ፍርዱን የጠየቀው ወላጅ ለቁጥጥር የሚያስፈልገውን ግማሽ እውቀት ከልጁ አፍ ያገኛል።

ዮዲትና ምኒልክ

ወላጆችን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ነገር ግን ሌላ ነው። ልጁ በሚጫወታቸው ጌሞች ውስጥ ኢትዮጵያ አለች።

«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» ሁለተኛው በ1999 ከወጣ በኋላ የሠራው የዳላሱ ድርጅት በ2009 ተዘግቷል። ጨዋታው ግን አልሞተም፤ ሌሎች ባለሙያዎች ተረክበውት በ2015 «የአፍሪካ መንግሥታት» የሚል ተጨማሪ ክፍል አወጡለት። በዚያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን የቻሉ ሕዝብ ሆነው ገብተዋል፤ መለያ ወታደራቸውም ሾተል የያዘ እግረኛ ነው። ከዚህም በላይ በዮዲት ስም የተሠራ ባለ አምስት ምዕራፍ ታሪክ አለ።

እዚህ ላይ ቡና የሚጠጡት እንግዶች ስኒያቸውን ማስቀመጥ ይገባቸዋል። በአገር ቤት ያደገ ሰው ዮዲትን የሚያውቃት «ጉዲት» በሚለው ስሟ ነው። በአሥረኛው ክፍለ ዘመን አክሱምን ያፈረሰች፣ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለች፣ የነገሥታቱን ዘር ያሳደደች ተብላ ነው የምትተረከው። ጌሙ የሚነግረው ታሪክ ግን ከእሷ ወገን ሆኖ ነው። ልጁ በጨዋታው የሚያገኛት የአክሱም ልዕልት ሆና ነው፤ ተከድታ ከአገሯ ትሰደዳለች፣ በባዕድ አገር ትንከራተታለች፣ ባልና ሠራዊት ይዛ ትመለሳለች። የመጀመሪያው ምዕራፍ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የስደት መንገድ» ነው፤ የመጨረሻው «የተሰበሩ ሐውልቶች»።

ታሪኩ እንዲህ ነው ብሎ የሚምል አይኑር። የጌሙ ደራሲዎች ከአፈ ታሪኩ የወደዱትን ወስደው የቀረውን በምናባቸው ሞልተውታል። የታሪክ ሊቃውንትም ስለ ዮዲት ማንነት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። የአረቡ ጂኦግራፈር ኢብን ሐውቀል በዚያ ዘመን በሐበሻ አገር ላይ አንዲት ንግሥት ትገዛ እንደ ነበር ጽፏል። አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥም አንዲት ንግሥት አገሩን እንዳጠፋችበት፣ ጳጳስም እንዲላክለት ወደ ኖቢያ ንጉሥ መላኩ በእስክንድርያ አባቶች ታሪክ ተመዝግቧል። ከየት መጣች፣ ሃይማኖቷ ምን ነበር፣ የአክሱም መውደቅስ በእሷ ብቻ ነው ወይ የሚለው ግን ገና ያከራክራል።

ክርክሩን ለሊቃውንት እንተወውና ወደ ልጁ ክፍል እንመለስ። ይህ ልጅ ከጨዋታው ተነሥቶ ወደ ሳሎን ቢመጣና «አባዬ፣ ዮዲትን ለምን ጉዲት አሏት?» ቢል ምን ይመለስለታል? ቀጥሎስ «እሷ እኮ ስደተኛ ነበረች፤ እንደ እናንተ» ቢልስ? በፖለቲካ አገሩን ለቆ በሱዳን በረሃ የወጣ፣ በካርቱም ወይም በናይሮቢ ወረቀት የጠበቀ፣ አንድ ቀን እመለሳለሁ እያለ ዳላስ ላይ ጸጉሩ የሸበተ አባት ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም አይባልም። በአሜሪካ ከሚገኝ ከማንኛውም የታሪክ መጽሐፍ የሚበልጥ መልስ አለው፤ የሚጠይቀው አላገኘም እንጂ።

ዮዲት ብቻዋን አይደለችም። «ሲቪላይዜሽን» የተባለው የአገር ግንባታ ጨዋታ በ2012 በአምስተኛው ዕትሙ ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያን ያስገባው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ መሪነት ነው፤ መለያ ወታደሮቹም መሃል ሰፋሪ ናቸው። በ2020 ደግሞ በስድስተኛው ዕትም ዳግማዊ ምኒልክ ገቡ፤ የኦሮሞ ፈረሰኛና ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያንም አብረው ገቡ። በሁለቱም ጨዋታ ነገሥታቱ የሚናገሩት አማርኛ ነው። እናቱ «አማርኛ ተናገር» እያለች የምትለምነው ልጅ ምኒልክ በአማርኛ ጦርነት ሲያውጅበት ይሰማል። ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ከሥር ያነባል፤ አነጋገሩ ግን የአያቱ መሆኑን ያውቃል።

የልጁ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ኩራትም ቅሬታም አለበት። «ብላክ ፓንተር» የተባለው ፊልም በ2018 ሲወጣ ጥቁር አሜሪካውያን ጓደኞቹ ቅኝ ባልተገዛችው በዋካንዳ ኮሩ። እሱ ደግሞ «ዋካንዳ ተረት ነው፤ የእኛ እውነት ነው» አላቸው። «እስቲ ንገረን» ሲሉት ግን የሚያውቀው አድዋ የሚል ቃልና ጌሙ ውስጥ ያየው ፈረሰኛ ብቻ ሆነ። ኩራቱን አገኘ፤ ስንቁን ግን የሰጠው የለም።

የአቤል ተስፋዬ ነገር

ስለ ሙዚቃ ሲነሣ ጎረምሳው የሚጠራው ስም አንድ ነው፤ «ዘ ዊክንድ»። ወላጅ አቤል ተስፋዬ ይለዋል። በ1990 ቶሮንቶ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ፤ በልጅነቱ በአያቱ እጅ ብዙ ጊዜ አሳልፏል፤ አፉን የፈታው በአማርኛ ነው። እነ አስቴር አወቀንና ሙላቱ አስታጥቄን እየሰማ ማደጉን ራሱ ተናግሯል። በ2015 በአሜሪካ የሙዚቃ ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣው «ዘ ሂልስ» የተባለው ዘፈኑ የሚያበቃው በአማርኛ ቃላት ነው። በፌብሩዋሪ 2021 በሱፐር ቦውል የእረፍት ሰዓት ላይ የዘፈነው እሱ ነው። በዲሴምበር 2023 «ፎርትናይት» የተባለው ጌም የሙዚቃ መጫወቻ ክፍሉን ሲከፍት የመጀመሪያው እንግዳ አድርጎ ያቀረበውም እሱን ነው። ልጁ ጌምና ሙዚቃ አንድ ቤት ናቸው የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

«ትምህርቱን አቋርጦ የወጣ ልጅ ነው፤ ዘፈኑም ስለ ሐሺሽ ነው» ትላለች እናት። ሁለቱም አልተሳሳተችም። ወጣቱ ትምህርቱን አቋርጧል፤ ከዘፈኖቹም ብዙዎቹ ለልጅ ጆሮ የማይሆኑ ናቸው። ይኸው ሰው ግን በ2016 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት 50,000 ዶላር ሰጥቷል፤ ግዕዝ በሰሜን አሜሪካ ክፍል ውስጥ እንዲማሩት የተረዳው በዚህ ዓይነት ገንዘብ ነው። በ2021 ደግሞ በኢትዮጵያ ለተራቡ ወገኖች 1 ሚሊዮን ዶላር ለግሷል። ልጁ «ካለ እሱ በክፍሌ ኢትዮጵያን የሚያውቅ የለም ነበር» ሲል ማለት የፈለገው ይህን ነው።

እናትም ልታስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። ጥላሁን ገሠሠ ዛሬ የኢትዮጵያ ድምፅ ይባላል። በጊዜው ግን ልጁ ዘፋኝ እንዲሆን የፈለገ ጨዋ ቤተሰብ አልነበረም፤ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚለው ቃል ስድብ ነበር። ዘመን የሚስቀው በእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሥጋቱ ግን ከንቱ አይደለም

ልጁን ማድመጥ ማለት የወላጅን ፍርሃት እንደ ኋላ ቀርነት መቁጠር አይደለም። ፍርሃቱ በቦታ በቦታው ሲቀመጥ ሦስት ዓይነት ነው።

መጀመሪያ ደም መፋሰሱ ነው። ይህ ክርክር አሮጌ ነው። «ዱም» ከመውጣቱ አንድ ቀን በፊት፣ በዲሴምበር 9 ቀን 1993፣ የአሜሪካ ሴኔት «ሞርታል ኮምባት» በተባለው ጨዋታና በመሰሎቹ ላይ ምስክር ይሰማ ነበር። በ1994 በየጌሙ ሽፋን ላይ የሚታተመው የዕድሜ ምልክት የመጣው ከዚያ ግፊት የተነሣ ነው። «ኢ» የሚለው ፊደል ለሁሉም፣ «ቲ» ከ13 ዓመት ጀምሮ፣ «ኤም» ከ17 ዓመት ጀምሮ ማለት ነው። በ2011 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰባት ለሁለት ድምፅ የካሊፎርኒያን የጌም ሽያጭ ገደብ ሽሯል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበርም በ2020 ጌም ከመጮኽና ከመገፋፋት ጋር መጠነኛ ግንኙነት እንዳለው፣ ለከባድ ወንጀል መንሥኤ ነው ለማለት ግን በቂ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። የሆነ ሆኖ «ኤም» የተጻፈበትን ጌም ለአሥር ዓመት ልጅ ገና ስጦታ ብሎ የሚገዛ ወላጅ በኋላ ጌሙን መውቀስ አይችልም።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው፤ እዚህ ላይ ወላጅ ከገመተው በላይ እውነት አለው። «ፎርትናይት» በነጻ ነው የሚገኘው፤ ትርፉ የሚመጣው ልጆች ለጀግናቸው ልብስና ጭፈራ ሲገዙ ነው። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን የጌሙን ባለቤት «ኤፒክ ጌምስ»ን ከሶ በዲሴምበር 2022 ድርጅቱ በድምሩ 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። 275 ሚሊዮኑ የሕፃናትን የግል መረጃ በመሰብሰቡ ነው፤ 245 ሚሊዮኑ የአዝራሮቹ አቀማመጥ ሰዎችን ሳያስቡት እንዲገዙ በማድረጉ ለገዢዎች የሚመለስ ነው። ኮሚሽኑ ልጆች ከማያውቁት ሰው ጋር በድምፅ የሚነጋገሩበት መስመር ሳይጠየቅ ክፍት ሆኖ መቅረቡንም ነቅፏል። ክሬዲት ካርዱን አንዴ ያስገባና የረሳ አባት ሂሳቡ ሲመጣ መደንገጡ ስለዚህ አይገርምም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ካርዱን ከመሣሪያው ማውጣት፣ የወላጅ የይለፍ ቁጥር ማድረግ፣ የማያውቁት ሰው ድምፅ እንዳይገባ መዝጋት። እንዴት እንደሚደረግ የሚያውቀው ደግሞ ልጁ ራሱ ነው፤ አብረው ተቀምጠው ቢያደርጉት ይሻላል።

ሦስተኛው ሱስ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የጌም ሕመም የሚለውን በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ አስገብቶ ከጃኑዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል። ብዙ መጫወት ብቻውን ሕመም አይባልም። ልጁ መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከምግብ፣ ከእንቅልፍና ከትምህርት ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየ ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲቆይ ነው። እዚህ የደረሰ ልጅ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ጸበልም ምክርም አብሮ ቢሆን አይጎዳም፤ ማይክሮፎኑን መስበር ግን ምንም አያድነውም።

እንጀራ ይወጣዋል ወይ?

«ዶክተር ትሆናለህ» ላለ ወላጅ «ጌም እሠራለሁ» የሚል ልጅ መርዶ ነው። ነገር ግን ይህ ሙያ በዚህ ከተማ ትምህርት ቤት አለው። ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ከ2003 ጀምሮ «ጊልድሆል» በተባለው ክፍሉ ጌም መሥራትን ያስተምራል። ሪቻርድሰን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲም በሥነ ጥበብና ቴክኖሎጂ ዘርፉ ይህን ያስተምራል። ሥራው ሥዕልን፣ ሒሳብን፣ ድምፅን፣ ድርሰትን የሚያቀላቅል ነው። እውነቱም አብሮ ይነገር፤ እንጀራው የጸና አይደለም። በሚሊዮን የተሸጠ ጨዋታ የሠራው የዳላሱ ድርጅት እንኳ ተዘግቷል፤ በ2023ና በ2024 በዓለም ዙሪያ ብዙ ሺህ የጌም ሠራተኞች ከሥራ ተሰናብተዋል። ስለዚህ ሒሳብና ኮምፒውተር በደንብ ተማር፣ በር ቢዘጋብህ ሌላ በር ይከፍትልሃል የሚለው የወላጅ ምክር ዛሬም ያስኬዳል።

አዲስ አበባም ዝም አላለችም። በየሠፈሩ ሳንቲም እየከፈሉ ኳስ የሚጫወቱበት ፕሌይስቴሽን ቤት የጆተኒን ቦታ ከወሰደ ቆይቷል። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ደግሞ «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርቷል፤ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ታሪክ ነው። የአገር ቤቱን ገበጣም ወደ ስልክ አምጥቶታል። የዳላሱ ልጅ በዮዲት ላይ የሚያጉረመርመው ነገር ካለ መልሱ እዚህ ላይ ነው፤ ታሪክህን ሌላ ሰው እንዳጣመመው ካየህ ራስህ ሥራው።

ኮሪደሩን መሻገር

ቅዳሜ ጊዜ ያለው ቤተሰብ ፍሪስኮ መሄድ ይችላል። ከ2016 ጀምሮ የተከፈተው ብሔራዊ የቪዲዮ ጌም ሙዚየም እዚያ ነው። የ1980ዎቹን የጌም ቤት አስመስሎ የተሠራ ክፍል አለው፤ አባቶችም ሳይሸማቀቁ ይጫወታሉ። ልጅ አባቱን ሲያሸንፍ፣ ቀጥሎም ሲያስተምረው፣ በቤት ውስጥ ያልተቻለው ወሬ በመኪና ውስጥ ይጀመራል።

ይህ ባይሆን አሥሩ እርምጃ በቂ ነው። ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ነው የተባለው፤ የዛሬው ልጅ ከነማዳመጫው ነው። ሰዓት መገደብ የወላጅ መብት ነው፤ የቤት ሥራ ሳያልቅ አይከፈትም ማለትም እንዲሁ። ነገር ግን አይቶ የማያውቀውን ነገር የሚከለክል ወላጅ ቃሉ ከበሩ አያልፍም። ልጁ «አታውቀውም» ብሎ ይዘጋበታል፤ ክርክሩም እዚያው ያበቃል። ተቀምጦ አንድ ሰዓት ያየ ግን የትኛው ጌም ይቅር፣ የትኛው ይቆይ ሲል ይደመጣል።

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እንግዶቹ ገና አድዋና አክሱም ላይ ናቸው። ከኮሪደሩ ጫፍ የሾተል ድምፅ ይሰማል። አባት ስኒውን ይዞ ይነሣል፤ በሩን በክርኑ ገፍቶ ይገባና አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል።

«እስቲ አሳየኝ» ይላል። «ይቺ ዮዲት የምትሏት የት ደርሳለች?»